ግቢ፣ ኮንዶሚኒየም ወይስ አፓርታማ፦ ቤት ስትመርጡ ጎረቤትም እየመረጣችሁ ነው

እናቴ ስኳር አለባት። የዛሬ ስድስት ዓመት ጉለሌ ውስጥ አምስት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። አንድ ማለዳ እኔ ሥራ ከወጣሁ በኋላ ስኳሯ ወረደ። ስደውል አታነሳም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ያተረፋት በሯ ነው። እናቴ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀሪካን ይዛ ቧንቧው ጋ ትወጣለች። ግቢው ሁሉ ይህን ያውቃል። የዚያን ቀን 2 ሰዓት ሆኖም በሩ አልተከፈተም። ፊት ለፊት ያለችው ተከራይ ልጇን ለትምህርት ቤት እያለባበሰች ቀና ስትል በሩን አየችው። "ምነው እትዬ ዛሬ ዝም አሉ?" ብላ አንኳኳች። መልስ የለም። ገፍታ ገባች። እናቴ ላብ አጥምቋት፣ የምትናገረው ተምታቶባት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሴትየዋ ስኳር በጥብጣ አጠጣቻት። ሌላው ጎረቤት ላዳውን አስነስቶ ሐኪም ቤት አደረሳት። እኔ የሰማሁት ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግቢው ተሽጦ ለቀቅን። ጥበቃና ሊፍት ያለው አፓርታማ ውስጥ ሁለት ዓመት ከረምን፣ አሁን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነን። በሦስቱም ጊዜ ቤት ያሳየኝ ደላላ የነገረኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ሻወሩ፣ ቆጣሪው የግል መሆኑ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ግን አንድ ቀን በራችሁ ሳይከፈት ቢረፍድ ማን ልብ ይላል? ይህን ጥያቄ ደላላም አይመልሰውም፣ እኛም አንጠይቅም። እኔ ሦስቱን ቤቶች የማወዳድረው በዚህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት የ148 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሰብስቦ አየ። ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ተካተውበታል። ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች፣ ትስስራቸው ከላላው ሰዎች ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስለ ደም ግፊታችን የምንጨነቀውን ያህል ስለ ጎረቤታችንም ብንጨነቅ ይገባል ማለት ነው።

ግቢ ቤት

የድሮ ሰፈር ሰዎች ለምን ያን ያህል ይተዋወቃሉ? አንዱ ምክንያት ስለማይነቃነቁ ነው። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት አዞረ፣ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ትንሽ ስለነበር ሰው እዚያው ወለደ፣ ዳረ፣ ቀበረ። አራዳም፣ ሠራተኛ ሰፈርም፣ ካዛንቺስም እንዲህ ሁለትና ሦስት ትውልድ አብሮ ኖረ። ሀብታሙና ድሃው አጥር ለአጥር ነበር።

ዛሬ ግቢ ቤት ልከራይ ብትሉ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት የግለሰብ ግቢ ነው። ባለቤቱ ዋናውን ቤት ይዞ ሰርቪሶቹን ያከራያል። ጥሩነቱ ግልጽ ነው። ከበራችሁ ስትወጡ ሰው አለ። ልብስ ስታሰጡ፣ ውሃ ስትቀዱ፣ ከሰል ስታቀጣጥሉ ሳታስቡት ታወራላችሁ። ቀጠሮ አያስፈልግም። ቡና ከተፈላ አንዱ ጮክ ብሎ ይጣራል፣ ከአቦል እስከ በረካ የሰፈሩ ወሬ ተጠቃሎ ያልቃል። ልጅ ጥላችሁ ሱቅ ደርሳችሁ ትመጣላችሁ። ባለሱቁ ስለሚያውቃችሁ ወሩ መጨረሻ ላይ ዱቤ ይጽፍላችኋል።

ጉዳቱም ያው ከዚህ ይመጣል። ሽንት ቤት የጋራ ከሆነ ጽዳቱ በአንድ ሰው ጨዋነት ላይ ይንጠለጠላል፤ ልጆች ተቅማጥ ሲይዛቸው በየተራ ነው። እናቴን ያዳነው ዓይን፣ እህቴን ሲያንገሸግሻት አይቻለሁ። ማን ሸኛት፣ ስንት ሰዓት ገባች፣ ምን ለብሳ ወጣች፣ ሁሉም ይታያል፣ ሁሉም ይወራል። አከራይ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በር አልከፍትም፣ እንግዳ አታብዙ፣ ውሃ አታባክኑ ሊል ይችላል። ብቻዋን ለምትኖር ወጣት ሴት ይህ እንክብካቤ አይደለም፣ ቁጥጥር ነው። "የሰፈር ፍቅር" እያልን ስናወራ ይህን መደበቅ የለብንም።

ሌላው ስጋት የቦታው ዕድሜ ነው። በ2016 ፒያሳና አካባቢው፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። መሀል ከተማ ያለ አሮጌ ግቢ ከመከራየታችሁ በፊት ቦታው መልሶ ማልማት ውስጥ ይግባ አይግባ ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። ጎረቤት ማፍራት ዓመታት ይፈጃል። በስድስተኛው ወር የሚፈርስ ቤት ውስጥ ጀምራችሁት ሲቋረጥ ያማል።

ኮንዶሚኒየም

ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ የብዙዎቻችን ምርጫ እሱ ነውና።

ፕሮግራሙ ሲጀመር፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ሐሳቡ ቤት ለሌለው ቤት መስጠት ነበር። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ ሰፈር አያውቅም። ከመርካቶ የመጣው፣ ከጉለሌ የመጣው፣ ከቂርቆስ የመጣው አንድ ደረጃ ላይ ተገናኘ። እንግዳ ለእንግዳ ሆኖ ነው የተጀመረው። ይባስ ብሎ ብዙ ዕድለኛ ቤቱን አከራይቶ ራሱ በድሮ ሰፈሩ ቀረ። ስለዚህ አንድ ብሎክ ውስጥ ግማሹ ሰው በየዓመቱ ሊቀያየር ይችላል። ስሙን ስታጠኑት ይለቃል።

ሆኖም ኮንዶሚኒየም ሰው አያገናኝም የሚለውን አልቀበልም። በደንብ ከተመረጠ ያገናኛል። ሚስጥሩ ያለው ደረጃው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ትዳር የያዙ ተማሪዎች በሚኖሩባቸው ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃዎች ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተወዳጀ መዘገበ። ሁሉም እንግዶች ነበሩ፤ ልክ እንደ ዕጣ ዕድለኞቻችን። ግድግዳ ለግድግዳ ከሚዋሰኑት 41 በመቶው ተወዳጁ። በአንድ ፎቅ ላይ ሆነው ዳርና ዳር ከሚኖሩት ግን 10 በመቶው ብቻ። ልዩነቱ ጥቂት እርምጃ ነው። ደረጃው ግርጌ የሚኖሩት ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋር ከሌሎቹ ይበልጥ ተወዳጁ፤ የሚወጣውም የሚወርደውም በበራቸው ያልፋላ።

እኔም ይህን ነው ያየሁት። አሁን የምንኖረው ጀሞ፣ አንደኛ ፎቅ፣ ደረጃው እንዳለቀ በግራ በኩል ነው። ደላላው "ጫጫታ አለው" ብሎ ዋጋ ቀነሰልን። እናቴ ከሰዓት በኋላ በሩን ገርበብ አድርጋ የሽሮ እህሏን ትለቅማለች። የሚያልፈው ሁሉ "እንዴት ዋሉ" ይላል። አራተኛ ፎቅ ያለችው መምህርት የጀመረችው በዚህች ሰላምታ ነው፤ አሁን ከገበያ ስትመለስ ኮረሪማና ሚጥሚጣ ይዛላት ትመጣለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ብንከራይ ኖሮ እናቴ ይህን ሁሉ ሰው አታውቅም ነበር። ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ ጉልበቷ አይፈቅድላት፣ ከቤት አትወጣም። ውሃም ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ከላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር የጋራ ቤቱ ነው፤ ብዙዎቻችን ኮሙናል የምንለው። ብሎኮቹ መሀል የተሠራው ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለድግስ እንዲሆን ታስቦ ነው። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። የግቢውን ኑሮ ወደ ፎቅ ይዞ መሄድ ነው። አንዳንዱ ሳይት ላይ ዛሬም እንዲሁ ይሠራል፤ የዕድር ስብሰባ፣ ልደት፣ ሠርግ ይካሄድበታል። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ለመጋዘን ወይም ለንግድ ተከራይቷል። ቤት ልታዩ ስትሄዱ ኮሙናሉን ሳታዩ አትመለሱ። በሩ ላይ የዛገ ቁልፍ ከተንጠለጠለ ነዋሪው አንድ ላይ መቀመጥ ካቆመ ቆይቷል ማለት ነው። ወንበር ተደርድሮ፣ ድስት ታጥቦ ተደፍቶ ካያችሁ ግን ዕድሩ በሕይወት አለ።

ዕድር ራሱ እኮ የከተማ ልጅ ነው። አገሩን ጥሎ አዲስ አበባ የገባ ሰው ብሞት ማን ይቀብረኛል ብሎ የፈጠረው ነው። ዘመድ ሩቅ ስለሆነ ጎረቤት ዘመድ ተደረገ። ስለዚህ አዲስ ሳይት ላይ ዕድር ሲቋቋም ሳይ ተስፋ አደርጋለሁ።

የኮንዶሚኒየም ጉዳቱስ? ድምፅ። ከላይ በርጩማ ሲጎተት፣ ሥጋ ሲከተፍ፣ ከታች ሙዚቃ ሲከፈት ይሰማል። የደረጃ መብራትና የፍሳሽ ማስወገጃ የማንም ስለሆነ ማንም አይጠግነውም። እዚህ ላይ የነዋሪዎች ማኅበሩ ወሳኝ ነው። ጠንካራ ሊቀ መንበር ያለው ብሎክና የሌለው ብሎክ ጎን ለጎን ቆመው ሁለት የተለያየ አገር ይመስላሉ።

አጥር ያለው አፓርታማ

ሁለት ዓመት ኖርንበት። ውሃ ተቋርጦ አያውቅም፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ሌባ አልሰጋንም። እንቅልፍ ጥሩ ነበር። ሕፃን ልጅ ያለው ወይም ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ይህን ጥቅም አቅልሎ አያየውም።

ግን ሊፍቱ ውስጥ ሰው ስልኩን ነው የሚያየው። መኪናው ምድር ቤት ይቆማል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤት። የምትተላለፉበት ቦታ የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ስሙን የማውቀው ሰው ጥበቃው ብቻ ነበር። እናቴ እዚያ እያለች ክብደት ጨመረች፣ ዝምታም አበዛች። አንድ ቀን "ሰው የሌለበት ገነት" አለችኝ። ለመልቀቅ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ግቢው ውስጥ አረንጓዴ ቦታና የልጆች መጫወቻ ካለ ነገሩ ይለወጣል። ልጆች ሲጫወቱ ወላጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ይተዋወቃሉ። መጫወቻው ወደ መኪና ማቆሚያነት ከተለወጠ ግን ይህም ይቀራል። በሥዕሉ ላይ ያለውን አትመኑ፣ ቦታው ላይ ሄዳችሁ እዩ።

መንገዱም የቤቱ አካል ነው

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ ቤት ረከሰ ብላችሁ ስትገቡ አንድ ሒሳብ ሥሩ። ሥራችሁ መሀል ከተማ ከሆነና ከነታክሲ ሰልፉ ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀ፣ ደርሶ መልስ 3 ሰዓት ነው። በሳምንት 15 ሰዓት። በዓመት 50 ሳምንት ብትሠሩ 750 ሰዓት ይሆናል። ይህም 31 ቀን ከነሌሊቱ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ልጅ ማስጠናት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ጎረቤት ቡና መጠጣት ይቻል ነበር። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደክሞት የሚገባ ሰው ጎረቤቱ መልአክ ቢሆንም አያውቀውም። የኪራዩን ቅናሽና ይህን ጊዜ አንድ ላይ አስቀምጡና መዝኑ።

ከበራችሁ ፊት ያለው መንገድም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተመሳሳይ የሆኑ መንገዶች በጥናት ተነጻጸሩ። በቀን 2 ሺህ ያህል መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ የሚኖር ሰው በአማካይ እዚያው መንገድ ላይ 3 ወዳጅ ነበረው። 16 ሺህ ያህል መኪና በሚያልፍበት ግን አንድም አልሞላ፤ 0.9 ነው። የመኪና ጋጋታ ጎረቤትን ይነጥቃል። እኛም በ2011 "መንገድ ለሰው" ሲጀመር በአንድ ጠዋት አይተነዋል። መኪና ሲቆም ልጆች ኳስ ይዘው አስፋልት ላይ ወጡ፣ አዋቂዎችም ቆመው አወሩ። ስለዚህ ዋናው አስፋልት ዳር ካለው ቤት ይልቅ ገባ ያለውን፣ ኮብልስቶን ላይ ያለውን እመርጣለሁ። ታክሲ ለመያዝ አምስት ደቂቃ ብትራመዱም ግድ የለም።

ለማን የቱ ይሻላል?

የታመመ ወይም ያረጀ ወላጅ ካላችሁ መጀመሪያ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ሰርቪስ በጥሩ ግቢ ውስጥ ፈልጉ። ካጣችሁ ምድር ወይም አንደኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም። አጥር ያለው አፓርታማ ለአረጋዊ የመጨረሻ ምርጫዬ ነው፤ ገንዘቡ ቢኖራችሁም።

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ብሎኮቹ መሀል መኪና የማይገባበት ሜዳ ያለው ኮንዶሚኒየም ሁሉንም ይበልጣል። ልጆች ለወላጆቻቸው ጎረቤት ያመጣሉ።

ከክፍለ ሀገር አዲስ የገባችሁና ማንንም የማታውቁ ከሆነ ግቢ ቤት ግቡ። ስቱዲዮ ተከራይቶ ብቻን መሆን የመጀመሪያዎቹን ወራት ያከብዳቸዋል። ብቻዋን የምትኖርና ነፃነቷን የምትፈልግ ሴት ደግሞ ኮንዶሚኒየም ይሻላታል። ሰው አለ፣ ግን በሯን ዘግታ መቀመጥም ትችላለች።

አዲስ ተጋቢዎች ለዚህ ጉዳይ ብዙ አይጨነቁ። ለሥራችሁ የሚቀርበውን ያዙ።

ከመፈረማችሁ በፊት

ቤቱን ሁለት ጊዜ እዩ። አንዱን ቅዳሜ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ፣ ሌላውን በሥራ ቀን ማታ። ቅዳሜ ሰው ውጭ ተቀምጦ ያወራል ወይስ ግቢው ጭር ብሏል? ጥበቃውን ወይም ባለሱቁን "እዚህ ብሎክ ላይ ስንቱ ባለቤት፣ ስንቱ ተከራይ ነው?" በሉት። እነሱ ከደላላው በላይ ያውቃሉ። "መጨረሻ ድንኳን የተጣለው መቼ ነው? ሰው ወጥቶ ነበር?" ብላችሁም ጠይቁ። ጥያቄው ሊከብዳችሁ ይችላል፣ ግን የሰፈርን ልብ ከለቅሶ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

ከአከራዩ ጋር ስትነጋገሩ ስለ ቆይታችሁ ተናገሩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በየስድስት ወሩ ዕቃ የሚጭን ሰው ጎረቤት አያፈራም። የሁለት ዓመት ውል ለኪሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለኑሯችሁም ነው።

ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ወርቅ ነው። ፎቃችሁ ላይ ያሉትን ቡና ጥሩ። ባትጠሩ እንኳ የለቅሶ ወሬ ስትሰሙ አትቅሩ። እኛ ትርፍ ቁልፋችንን ምድር ላይ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ ጋ አስቀምጠናል። የእናቴን ስኳርም ነግረናታል። ጠዋት መጋረጃው እስከ 2 ሰዓት ካልተከፈተ ትወጣለች፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ወጥታለች፣ ሁለቱንም ጊዜ እናቴ ቅዳሴ ሄዳ ነበር።

ዕድር ለመግባትም አትዘግዩ። የቆየ ዕድር ለድንኳኑ፣ ለወንበሩና ለዕቃው ከአዲስ አባል መግቢያ ይጠይቃል። በአንዴ ከከበዳችሁ በየወሩ ከፋፍላችሁ እንድትከፍሉ ሰብሳቢውን ጠይቁት። ስትመዘገቡ የቤተሰባችሁን ስም ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። ወላጆቻችሁ አገር ቤት ቢሆኑም ስማቸውን አስጽፉ፤ ብዙ ዕድር ለአባሉ ወላጅም ለቅሶ ይቀመጣል።